ከብሬግዚት በኋላ ዕቃ መግዛትና እሽግ መላክ፦ ድንበሩ የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች

መግቢያ

የሐበሻ ቤተሰብ ዛሬ በአንድ አገር ተሰብስቦ አይኖርም። ወንድም ለንደን፣ እኅት ፍራንክፈርት፣ አክስት ሮም፣ የአጎት ልጅ ስቶክሆልም ነው። በእነዚህ ከተሞች መካከል እሽግ ሲመላለስ ይኖራል፤ ለክርስትና የሐበሻ ልብስ፣ ለበዓል በርበሬና ቡና፣ ለተማሪ መጽሐፍ፣ ለአራስ ቤት ስጦታ። እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ከለንደን ወደ ፍራንክፈርት መላክ ከለንደን ወደ በርሚንግሃም ከመላክ የሚለየው በፖስታው ዋጋና በሚፈጀው ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ ያው እሽግ ጉምሩክ ያልፋል፣ ዲክላራሲዮን ይጠየቅበታል፣ አንዳንዴም ተቀባዩ በር ላይ ገንዘብ ካልከፈለ አይሰጠውም።

በየማኅበሩና ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይህ ብሶት ሳይነሳ አይቀርም። አንዱ «ሃምሳ ፓውንድ ለማይሞላ ስጦታ ሃያ ፓውንድ አስከፈሉኝ» ይላል። ሌላው «ያዘዝኩት ጫማ ድንበር ላይ ሦስት ሳምንት ከርሞ ተመልሶ ሄደ» ይላል። ሦስተኛዋ «ድሮ ይልክልን የነበረው ሱቅ አሁን ወደ እናንተ አገር አንልክም አለን» ትላለች። ብሶቱ እውነት ነው። ሆኖም አብዛኛው ወጪና መጉላላት የሚመነጨው ከጥቂት ደንቦች ሲሆን፣ ደንቦቹም በአራት ጥያቄዎች ይጠቃለላሉ። ዕቃው ምንድን ነው? ዋጋው ስንት ነው? የት አገር ተሠራ? ማን ለማን ላከው? ድንበሩ ላኪውንም ተቀባዩንም አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው በወረቀቱ ላይ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠውን መልስ ብቻ ነው። መልሱ ሲጎድል ወይም ሲደበዝዝ ዕቃው ይቆማል፣ ሒሳቡም ይጨምራል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ለመሆኑ ምን ተለወጠ?

የዩናይትድ ኪንግደም ሕዝብ በጁን 23 ቀን 2016 ባደረገው ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶ የሚሆነው መራጭ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን ደገፈ። አገሪቱ በይፋ የወጣችው በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። ሆኖም የሽግግር ጊዜ ስለተሰጠ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ በእሽግ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ገና ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው።

በዚያ ቀን ብሪታንያ ከሁለት ነገሮች ወጣች። አንደኛው የጉምሩክ ኅብረት ነው። የጉምሩክ ኅብረት ማለት አባል አገሮች እርስ በርስ ቀረጥ ሳይጠያየቁ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ግን አንድ ዓይነት ቀረጥ የሚጥሉበት ውል ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢያን ይህን ያውቁታል፤ ስድስቱ የባሕረ ሰላጤ ትብብር አገሮች ከ2003 ጀምሮ እንዲህ ያለ ኅብረት አላቸው። ሁለተኛው የጋራ ገበያው ነው። እሱ ደግሞ የዕቃ ጥራትን፣ የምግብ ጤንነትንና የመሳሰሉትን ደንቦች አንድ ያደርጋል። ከመጀመሪያው ሲወጡ ቀረጥና ዲክላራሲዮን ይመጣል፤ ከሁለተኛው ሲወጡ የምግብ ክልከላና የጥራት ማረጋገጫ ይመጣል።

ይህ ኑሮ ለሁሉም አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ኅብረት አባል ስላልሆኑ፣ በዙሪክና በኦስሎ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከጎረቤት አገር በመጣ እሽግ ላይ የጉምሩክ ወረቀት ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ለለንደን ሰው አዲስ የሆነበት ለረጅም ዘመን ሳይጠየቅ ስለኖረ ነው።

2. ዋጋው ስንት ነው?

ወደ ብሪታንያ ሲገባ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 በፊት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣና ከ15 ፓውንድ የማይበልጥ ሸቀጥ ከቫት ነጻ ነበር። ይህ ነጻነት በዚያ ቀን ቀረ። አሁን ከውጭ የተገዛው ዕቃ ዋጋ ከ135 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ 20 በመቶውን ቫት መሰብሰብ ያለበት ሻጩ ወይም ሽያጩ የተካሄደበት የኢንተርኔት ገበያ ነው፤ ቫቱ በግዢው ሰዓት ይከፈላል፣ በር ላይ የሚጠየቅ ነገር መኖር የለበትም። ከ135 ፓውንድ ካለፈ ግን ቫቱም፣ ካለበትም የጉምሩክ ቀረጡ፣ ዕቃው ሲገባ ይታሰባል። አጓጓዡ ድርጅት ለመንግሥት ይከፍልና ከተቀባዩ ይሰበስባል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ። ኅብረቱ የነበረውን የ22 ዩሮ የቫት ነጻነት በጁላይ 1 ቀን 2021 አነሣ። ዋጋው ከ150 ዩሮ ለማይበልጥ ዕቃ ሻጩ አይኦኤስኤስ በሚባለው የቫት ምዝገባ ከገባ ቫቱን በግዢው ሰዓት ይሰበስባል። ምዝገባው ግን ግዴታ አይደለም። ያልተመዘገበ ሻጭ የላከው ዕቃ ሲደርስ ቫቱን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው፤ በዚያ ላይ የአጓጓዡ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ይህንኑ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ታክሱ የዋጋው መቶኛ ስለሆነ ዕቃው ሲያንስ ያንሳል። የአገልግሎት ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ቁርጥ ያለ ሒሳብ ስለሆነ ለትንሽ ዕቃም ለትልቅ ዕቃም ያው ነው። ለዚህ ነው በ50 ፓውንድ ስጦታ ላይ ከታክሱ ይልቅ ታክሱን ለሰበሰበው የሚከፈለው በልጦ የሚገኘው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ከብሪታንያ ወደ ውጭ የሚሸጥ ዕቃ የብሪታንያ ቫት ሊታሰብበት አይገባም። ሻጩ የአገር ውስጡን 20 በመቶ ሳይቀንስ ከሸጠልዎ፣ ጀርመን ሲደርስ ደግሞ 19 በመቶ ይጨመርበታል፤ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ቫት ከፈሉ ማለት ነው። ከመክፈልዎ በፊት ዋጋው ከቫት በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ኪስ ያድናል።

3. የት አገር ተሠራ?

«ብሪታንያና አውሮፓ ያለ ቀረጥ ተስማምተዋል ተብሎ አልነበረም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በዲሴምበር 24 ቀን 2020 የተደረሰበት የንግድና የትብብር ስምምነት በእርግጥ ቀረጥን ያስቀራል፤ የሚያስቀረው ግን በብሪታንያ ወይም በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለተሠራ ዕቃ ነው። ለንደን ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የነበረ ቻይና የተሰፋ ካፖርት ለጉምሩክ የቻይና ዕቃ ነው። ቫት ደግሞ ከመጀመሪያውም በስምምነቱ አልተነካም።

በቁጥር እንየው። አንድ ቻይና የተሠራ ካፖርት የመላኪያውን ጨምሮ በ250 ዩሮ ከለንደን ወደ ጀርመን ተገዛ እንበል። ከ150 ዩሮ ስለሚበልጥ የልብስ ቀረጥ 12 በመቶ ይታሰባል፤ 30 ዩሮ ሆነ። ቫቱ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ስለሆነ የ280 ዩሮ 19 በመቶ፣ ማለትም 53 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ነው። በድምሩ 83 ዩሮ ከ20 ሳንቲም፤ የአጓጓዡ ክፍያ ገና አልተጨመረም። ያው ካፖርት ብሪታንያ ውስጥ የተሠራ ቢሆንና ሻጩ ይህን በሰነድ ቢያረጋግጥ 30ው ዩሮ ይቀራል፣ ቫቱም ወደ 47 ዩሮ ከ50 ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የ35 ዩሮ ከ70 ሳንቲም ልዩነት የመጣው ልብሱ የት ተሠራ ለሚለው አንድ ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ነው።

4. ማን ለማን ላከው?

ግለሰብ ለግለሰብ የሚልከው ስጦታ የተለየ ደንብ አለው። ወደ ብሪታንያ ሲገባ እስከ 39 ፓውንድ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ እስከ 45 ዩሮ ያለው ስጦታ ከቫትም ከቀረጥም ነጻ ነው። ሱቅ በቀጥታ የላከው ዕቃ፣ «ስጦታ» ተብሎ ቢጻፍበትም፣ በዚህ አይስተናገድም።

የጣሪያውን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ዕቃ ከጣሪያው ካለፈ ታክሱ የሚታሰበው በትርፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ዋጋው ላይ ነው። በሌላ በኩል ወደ ብሪታንያ በሚላክ አንድ እሽግ ውስጥ ለተለያዩ ሰዎች የታሰቡ ስጦታዎች ካሉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ተጠቅልለው፣ በዲክላራሲዮኑ ላይም ከነዋጋቸው ተዘርዝረው ከሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን 39 ፓውንድ ያገኛል። ለሦስት የወንድም ልጆች በአንድ ካርቶን የሚልክ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ለቡና ወዳጆችም አንድ ቃል። የአውሮፓ ኅብረት የስጦታ ደንብ በቡና ላይ የተለየ ልክ አለው፤ ከ45 ዩሮው ውስጥ ነጻ የሚሆነው ቡና እስከ 500 ግራም ነው። በተለይ ጀርመን በቡና ላይ ከቫት ሌላ የራሷ የቡና ታክስ አላት፤ ለተቆላ ቡና በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም። ሁለትና ሦስት ኪሎ ይርጋጨፌ ከለንደን ወደ ኮሎኝ የሚልክ ሰው ይህንን ከግምት ያስገባ።

5. ዕቃው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው። በፖስታ ቤት ሲኤን 22 የሚባለው ትንሹ የጉምሩክ ወረቀት፣ ዋጋው ከፍ ሲል ደግሞ ሲኤን 23 ይሞላል። በሮያል ሜይል መለያያው 270 ፓውንድ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከማርች 15 ቀን 2021 ጀምሮ በአየር የሚገባ እሽግ መረጃው ዕቃው ከመድረሱ በፊት በኤሌክትሮኒክስ እንዲላክለት ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነበው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ «ልብስ»፣ «ዱቄት»፣ «የግል ዕቃ» ሲባል አይገባውም።

ከራሴ ቤት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እኅቴ ከጀርመን ለሕፃን ክርስትና ልብስ ላከችልን፤ ዋጋው 48 ፓውንድ ገደማ ነበር። እሷ በዝርዝር ተናግራ ሳለ፣ ወረቀቱን የሞላላት ሠራተኛ የጻፈው «ልብስ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። እዚህ ሲደርስ ወደ 10 ፓውንድ ቫትና 12 ፓውንድ የአገልግሎት ክፍያ ተጠየቅን። በብሪታንያ ሕግ ግን የሕፃናት ልብስ ቫቱ ዜሮ ነው፤ መጽሐፍም እንዲሁ። «የሕፃን የጥጥ ልብስ፣ ለአንድ ዓመት ልጅ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የሚከፈል ቫት አልነበረም። ማመልከቻ ጽፌ ታክሱ ተመለሰልኝ፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን ሄዶ ቀረ።

ምግብ ሲሆን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ከታላቋ ብሪታንያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በፖስታም በሻንጣም መላክ ለግለሰብ ተከልክሏል። ቂቤ፣ አይብና ቋንጣ ሁሉም በዚህ ክልከላ ውስጥ ናቸው፤ በኮሰረት የተነጠረ ቂቤም ያው ቂቤ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ብሪታንያ ለዓመታት ስትፈቅድ ከቆየች በኋላ፣ የአፍና የእግር በሽታ በአውሮፓ በመታየቱ ከኤፕሪል 12 ቀን 2025 ጀምሮ መንገደኞች ከአውሮፓ ኅብረት የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ተዋጽኦ ይዘው እንዳይገቡ ከልክላለች። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመጣ ቂቤና ቋንጣማ ለሁለቱም ቀድሞውንም የተከለከለ ነው። ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እስከ 2 ኪሎ ለግል ፍጆታ ይፈቀዳል።

በርበሬና ሽሮ፣ ቂቤ እስካልገባባቸው ድረስ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ስላልሆኑ በዚህ ክልከላ አይነኩም። ይሁንና «ቀይ ዱቄት» ብሎ ከመጻፍ «የተፈጨ በርበሬ ከቅመም ጋር፣ ለምግብ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ስሙ ያልታወቀ ዱቄት የትኛውንም የጉምሩክ ሠራተኛ ያጠራጥራል።

ሱቆች «አንልክም» የሚሉበትም አንዱ ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። በዲሴምበር 13 ቀን 2024 በአውሮፓ ኅብረት ሥራ ላይ የዋለው አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ፣ ከውጭ ለኅብረቱ ሸማች የሚሸጥ ነጋዴ በኅብረቱ ውስጥ ኃላፊነት የሚወስድ ወኪል እንዲኖረው ያዝዛል። ለትልቅ ኩባንያ ይህ ቀላል ነው። ቤቷ ውስጥ ጥልፍ ወይም ሳሙና እየሠራች የምትሸጥ ሴት ግን ወኪል መቅጠር ከትርፏ ስለሚበልጥባት ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ ትተወዋለች። ግለሰብ ለግለሰብ የሚልከው ስጦታ ንግድ ስላልሆነ በዚህ አይያዝም።

6. ሰሜን አየርላንድ

በቤልፋስት የሚኖር ሰው ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ሆኖ ሳለ ለሸቀጥ የሚሠራበት ብዙው ደንብ የአውሮፓ ኅብረት ነው። ይህ የሆነው በሁለቱ አየርላንዶች መካከል የፍተሻ ድንበር እንዳይቆም ሲባል ነው። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2023 የዊንድዘር ማዕቀፍ የሚባለው ስምምነት ተደረሰ፤ የእሽጉ ክፍል በሜይ 1 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ። በዚህም መሠረት ግለሰብ ከታላቋ ብሪታንያ በሰሜን አየርላንድ ለሚኖር ግለሰብ ሲልክ ዲክላራሲዮን አያስፈልገውም። የምርት ደኅንነት ደንቡ ግን ሰሜን አየርላንድንም ይመለከታል፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ወገን ከለንደን ሱቅ «አንልክም» ቢባል አይደነቅ።

7. ዕቃ ሲመለስና ገንዘብ ሲጠየቅ

ልክ ያልሆነ ጫማ መመለስ ድሮ የአንድ ተለጣፊ ወረቀት ጉዳይ ነበር። አሁን ሲመለስም ድንበር ያልፋል። በእሽጉ ላይና በዲክላራሲዮኑ ላይ «የተመለሰ ዕቃ» ብሎ መጻፍ፣ የመጀመሪያውን ደረሰኝና የማዘዣ ቁጥር ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሻጩ በገዛ ዕቃው ላይ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ታክስ ሊጠየቅ ይችላል።

ሻጩ የሚመልሰው ዋጋውን ነው። በድንበር የተከፈለው ቫትና ቀረጥ የሚመለሰው ከመንግሥት ነው፤ ለብቻው ማመልከት ይጠይቃል። በብሪታንያ በሮያል ሜይል ወይም በፓርስልፎርስ ለመጣ ዕቃ ቢኦአር 286 የሚባል ቅጽ አለ፤ በሌላ አጓጓዥ ለመጣ ደግሞ ሲ285። የከፈሉበትን ወረቀት ሳይጥሉ ማስቀመጥ የግድ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ማጭበርበር ነው። ሰው ሁሉ የጉምሩክ ክፍያ እንደሚጠየቅ ስላወቀ፣ ሌቦች በስልክ አጭር መልእክት «እሽግዎ ተይዟል፣ ይህን ሊንክ ተጭነው ይክፈሉ» እያሉ የባንክ ቁጥር ይሰርቃሉ። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ ትተው በራስዎ እጅ የአጓጓዡን አድራሻ ከፍተው የእሽጉን ቁጥር ያስገቡ።

8. በሻንጣ ይዞ መሄድስ?

ከፖስታ ይልቅ ሰው ፈልጎ መላክ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዛሬም ይሠራል፣ ግን ልክ አለው። ከአውሮፓ ኅብረት ወደ ታላቋ ብሪታንያ የሚገባ መንገደኛ እስከ 390 ፓውንድ ዋጋ ያለው ዕቃ ያለ ቀረጥ ይዞ ይገባል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲሆን በአየርና በባሕር 430 ዩሮ፣ በምድር፣ ለምሳሌ በባቡር፣ 300 ዩሮ ነው። የሥጋና የወተት ክልከላው በሻንጣም ይሠራል።

ብሪታንያ ለጎብኚዎች ትመልስ የነበረውን የግዢ ቫት በታላቋ ብሪታንያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አስቀርታለች። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት የመጣ እንግዳ ለንደን ገዝቶ ቫት አያስመልስም። የለንደን ሰው ግን ፓሪስ ወይም ሚላኖ ገዝቶ ማስመለስ ይችላል።

9. ከመላክዎ በፊት

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከመላክ በፊት የሚጠፋ አሥር ደቂቃ በኋላ የሚመጣውን የሦስት ሳምንት ጭቅጭቅ ያስቀራል።

— እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ፣ በተሠራበት ነገር፣ በብዛቱና በዋጋው ይዘርዝሩ። ለልጅ ከሆነ ለልጅ መሆኑን ይጻፉ።
— የተሠራበትን አገር በልብሱ መለያ ላይ አይተው ይጻፉ።
— ስጦታ ከሆነ «ስጦታ» ብለው ምልክት ያድርጉ፤ ለተለያዩ ሰዎች ከሆነ ለየብቻ ይጠቅልሉ።
— የተቀባዩን ስልክና ኢሜይል ይጨምሩ፤ አጓጓዡ ጥያቄ ሲኖረው የሚደውልለት ሰው ይኑር።
— ከሱቅ ሲገዙ ቀረጥና ቫት በዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ ዕቃው ከየት አገር መጋዘን እንደሚነሳም ይጠይቁ።
— ዋጋውን አሳንሰው አይጻፉ። ዕቃው ቢጠፋ ካሳው ከተጻፈው ዋጋ አያልፍም፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ዕቃው ሊወረስ ይችላል።

ማጠቃለያ

ደንቡ ወደፊት ይቀልላል ወይ? በአንድ በኩል በሜይ 19 ቀን 2025 ለንደን ላይ በተደረገው ስብሰባ ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት የምግብና የእንስሳት ጤና ፍተሻን ለመቀነስ የጋራ ስምምነት ላይ ለመሥራት ተስማምተዋል። በሌላ በኩል ለትንሽ እሽግ የነበረው ቀረጥ አልባ ዘመን በየአገሩ እየተዘጋ ነው። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የነበረውን ነጻነት ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አገደች። የአውሮፓ ኅብረት ሚኒስትሮች በዲሴምበር 2025፣ ከ150 ዩሮ በታች በሆኑ የንግድ እሽጎች ላይ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት 3 ዩሮ ቀረጥ እንዲጣል ተስማሙ። ብሪታንያም በኖቬምበር 2025 በጀቷ የ135 ፓውንዱን የቀረጥ ነጻነት ቢዘገይ እስከ ማርች 2029 እንደምታስቀር አስታውቃለች።

እንግዲህ ብሬግዚት ለእኛ ያስተማረን ነገር ለሌላውም አገር ይሠራል ማለት ነው። ሰው በአንድ መጥፎ ገጠመኝ ተሰላችቶ መላኩን ሲተው የሚቀረው እሽጉ ብቻ አይደለም። ከሩቅ ያለች አክስት ለማታውቀው የወንድሟ ልጅ «አለሁልህ» የምትልበት አንዱ መንገድ ነው የሚዘጋው። ነጠላዋ ዛሬም በ39 ፓውንድ ውስጥ ታልፋለች፣ የልጁ ቀሚስ ያለ ቫት ይገባል፣ ግማሽ ኪሎ ቡናም መንገድ አለው። የሚጠበቀው አራቱን ጥያቄዎች በግልጽና በሐቅ መመለስ ነው።